ታሪካዊ ሕንፃን የማደስ የታክስ መብት በአሜሪካ፦ ማን ያገኛል፣ በምን ቅደም ተከተል፣ በምን ያጣል?

በዩናይትድ ስቴትስ ገቢ የሚያስገኝ ታሪካዊ ሕንፃን መንግሥት ባወጣው ደረጃ ያደሰ ባለንብረት፣ ለእድሳቱ ካወጣው ወጪ 20 በመቶውን ከፌዴራል የገቢ ታክሱ ላይ የማስቀነስ መብት አለው። መብቱን የሚደነግገው የፌዴራሉ የገቢ ሕግ አንቀጽ 47 ነው። ብዙዎች መብቱ የትልልቅ የሪል ስቴት ኩባንያዎች ብቻ ይመስላቸዋል። በተግባር ግን በየዓመቱ ከሚጸድቁት ፕሮጀክቶች ግማሽ ያህሉ ወጪያቸው ከ1 ሚሊዮን ዶላር በታች ነው። በዋሽንግተን ዲሲ ዘጠነኛው መንገድ ከዩ ስትሪት በሚገናኝበት አካባቢ ኢትዮጵያውያን ምግብ ቤት የከፈቱባቸው አሮጌ የጡብ ሕንፃዎች ብዙዎቹ የሚገኙት፣ እ.ኤ.አ. በ1998 በታሪካዊነት በተመዘገበ ክልል ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ሕንፃ ገዝቶ ምግብ ቤት፣ ቢሮ ወይም የሚከራይ አፓርታማ የሚያደርግ ሰው ሕጉ በቀጥታ ይመለከተዋል። ዜግነት መስፈርት አይደለም፤ የመኖሪያ ፈቃድ ያለውና በአሜሪካ ታክስ የሚከፍል ሰው ከዜጋው እኩል ይስተናገዳል።

መብቱን የሚያሳጣው በአብዛኛው የገንዘብ ማነስ አይደለም፤ የቅደም ተከተል ስህተት ነው። ፈቃድ ሳይጠየቅ መስኮቱ ይነቀላል፣ ማመልከቻ ሳይገባ ሕንፃው ሥራ ይጀምራል፣ ሒሳቡ ሳይሠራ ወጪው ከሚፈለገው በታች ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ከመዶሻው በፊት መታወቅ ያለባቸው ነገሮች በተራቸው ቀርበዋል።

ክሬዲቱ ምንድን ነው?

የታክስ ክሬዲትና ተቀናሽ ወጪ አንድ አይደሉም። ተቀናሽ ወጪ ታክስ የሚሰላበትን ገቢ ያሳንሳል፤ በ24 በመቶ የታክስ መደብ ላይ ላለ ሰው የ10,000 ዶላር ተቀናሽ የሚያድነው 2,400 ዶላር ነው። ክሬዲት ግን ከተሰላው ታክስ ላይ ዶላር በዶላር ይነሳል፤ የ10,000 ዶላር ክሬዲት 10,000 ዶላር ያድናል።

ሕጉ ዛሬ ያለበት መልክ ላይ የደረሰው በየጊዜው እየተለወጠ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1976 ድረስ የታክስ ሕጉ ከአሮጌው ይልቅ ለአዲስ ግንባታ ያደላ ስለነበር፣ ነባሩን አፍርሶ በቦታው መሥራት የተሻለ ያተርፍ ነበር። የ1976ቱ የታክስ ማሻሻያ ሕግ ይህን ሚዛን መለወጥ ጀመረ። በ1978 ክሬዲት ተፈቀደ፤ በ1981 ለታሪካዊ ሕንፃዎች 25 በመቶ ደረሰ፤ በ1986 ወደ 20 በመቶ ዝቅ ተደርጎ ጸና። በ2017 የወጣው የታክስ ሕግ ደግሞ ሁለት ለውጦች አደረገ። ከ1936 በፊት ተሠርተው ታሪካዊ ላልተባሉ ሕንፃዎች ይሰጥ የነበረውን የ10 በመቶ ክሬዲት ሰረዘ። የ20 በመቶው ክሬዲትም በአንድ ዓመት መወሰዱ ቀርቶ በአምስት ዓመት እኩል እንዲከፋፈል፣ ማለትም በየዓመቱ 4 በመቶ እንዲወሰድ አደረገ። ሕንፃው አሮጌ መሆኑ ብቻ ዛሬ ምንም አያስገኝም ማለት ነው፤ በታሪካዊነት መረጋገጥ አለበት።

የትኛው ሕንፃ ብቁ ነው?

ሕንፃው ታሪካዊ መሆኑ የሚረጋገጥባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው፣ በራሱ ስም በብሔራዊ የታሪካዊ ሥፍራዎች መዝገብ ላይ መስፈሩ ነው። ሁለተኛው፣ በተመዘገበ ታሪካዊ ክልል ውስጥ ሆኖ ለክልሉ ታሪካዊ ገጽታ አስተዋጽኦ እንዳለው መረጋገጡ ነው። በክልሉ ውስጥ መገኘት ብቻውን አይበቃም። ከክልሉ የታሪክ ዘመን በኋላ የተሠራ ወይም ፊቱ እስከማይታወቅ ድረስ የተለዋወጠ ሕንፃ በታሪካዊ ጎረቤቶች መካከል ቢቆምም አስተዋጽኦ የለውም ሊባል ይችላል። መዝገቡን የሚይዘውና ሕንፃውን የሚያረጋግጠው በአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሥር ያለው ናሽናል ፓርክ ሰርቪስ ነው።

መመዝገብን ብዙ ባለንብረቶች ይፈሩታል። ፍርሃቱ የሚመነጨው ሁለት የተለያዩ ሕጎችን ከመቀላቀል ነው። በብሔራዊ መዝገብ ላይ መስፈር በራሱ የግል ባለንብረትን በገዛ ገንዘቡ ሕንፃውን ከመለወጥ፣ ከማፍረስም ቢሆን አያግደውም። የሚያግደው የከተማው ወይም የአካባቢው የቅርስ ጥበቃ ደንብ ነው። እንዲህ ያለው የአካባቢ ደንብ በመርህ ደረጃ ሕገ መንግሥቱን እንደማይጥስ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1978 በፔን ሴንትራልና በኒው ዮርክ ከተማ መካከል በነበረው ክርክር ወስኗል። በሌላ በኩል የግል ንብረት ባለቤት ንብረቱ በብሔራዊ መዝገብ ላይ እንዳይሰፍር በተረጋገጠ ጽሑፍ የመቃወም መብት አለው። ጉዳዩ ክልል የመመዝገብ ከሆነ የሚያስቀረው የአብዛኛው ባለንብረት ተቃውሞ ነው።

ሌላው መስፈርት ሕንፃው ገቢ ማስገኘቱ ነው። ሱቅ፣ ቢሮ፣ ሆቴል፣ ፋብሪካ፣ የእርሻ ጎተራና የሚከራይ መኖሪያ ሁሉ ብቁ ናቸው። ባለቤቱ ራሱ የሚኖርበት ቤት ግን የፌዴራሉን ክሬዲት አያገኝም። ባለቤቱ ከላይ እየኖረ ምድር ቤቱን ወይም ሌላውን ወለል የሚያከራይ ከሆነ፣ ክሬዲቱ የሚሰላው ገቢ ለሚያስገኘው ክፍል በሚደርሰው ወጪ ላይ ነው።

ወጪው ምን ያህል መሆን አለበት?

ጥቃቅን ጥገና ክሬዲት አያስገኝም። ባለንብረቱ ራሱ በሚመርጠው የ24 ወር ጊዜ ውስጥ የሚያወጣው ብቁ ወጪ፣ ከ5,000 ዶላር ወይም ከሕንፃው የተስተካከለ መነሻ ዋጋ፣ ከሁለቱ ከሚበልጠው መብለጥ አለበት። የተስተካከለ መነሻ ዋጋ የሚገኘው ከግዢው ዋጋ የመሬቱ ዋጋና እስከዚያ የተወሰደው የእርጅና ቅናሽ ተነስቶ፣ ቀደም ሲል ለማሻሻያ የወጣው ሲጨመርበት ነው።

ለምሳሌ አንድ ሕንፃ ከነመሬቱ በ600,000 ዶላር ተገዛ እንበል። የመሬቱ ድርሻ 250,000 ቢሆን ለሕንፃው የሚቀረው 350,000 ነው። ባለቤቱ ባለፉት ዓመታት 50,000 ዶላር የእርጅና ቅናሽ ወስዶ ከሆነ መነሻ ዋጋው 300,000 ይሆናል። 400,000 ዶላር ብቁ ወጪ ያወጣ ባለቤት 80,000 ዶላር ክሬዲት፣ በየዓመቱ 16,000 ዶላር ለአምስት ዓመት ያገኛል። 280,000 ያወጣ ባለቤት ግን ምንም አያገኝም። ሕጉ መለኪያውን ያላለፈ ወጪን በከፊል አይቆጥርም።

ከዚህ ስሌት የሚወጣ አንድ ቁም ነገር አለ። ሕንፃውን ለረጅም ጊዜ ይዞ የእርጅና ቅናሽ ሲወስድ የኖረ ባለቤት መነሻ ዋጋው ስለሚወርድ መለኪያውን በቀላሉ ያልፋል። ሕንፃውን በውርስ ያገኘ ሰው ደግሞ መነሻ ዋጋው አውራሹ በሞተበት ጊዜ ወደነበረው የገበያ ዋጋ ከፍ ስለሚል፣ ወላጁ በቀላሉ ያልፈው የነበረ መለኪያ ለልጁ ሊከብድ ይችላል። በስጦታ ያገኘው ግን በመደበኛው የሰጪውን መነሻ ዋጋ ይዞ ይቀጥላል። ቤተሰብ ንብረት ከማስተላለፉ በፊት እድሳቱን በማን ስም ማካሄድ እንደሚሻል ከታክስ ባለሙያ ጋር ማስላቱ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

አቅሙ በሁለት ዓመት ለማይደርስ ባለንብረትም መንገድ ተከፍቶለታል። ሥራው በምዕራፍ የተከፋፈለ መሆኑ ከመጀመሪያው በተሟላ ንድፍና ዝርዝር ከተቀመጠ፣ መለኪያው በ24 ወር ፈንታ በ60 ወር ይሰላል። ንድፉ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ማለቅ አለበት፤ ገንዘብ ሲያልቅ በምዕራፍ ነው ማለት ተቀባይነት የለውም።

የሚቆጠረውና የማይቆጠረው ወጪ

የሚቆጠረው ለሕንፃው አካል የሚወጣው ነው፤ ግድግዳ፣ ወለል፣ ጣሪያ፣ መስኮትና በር፣ ደረጃ፣ አሳንሰር፣ የኤሌክትሪክና የቧንቧ መስመር፣ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ሥርዓት፣ የእሳት መከላከያ። የአርክቴክትና የመሐንዲስ ክፍያም ይካተታል።

ሕንፃው የተገዛበት ዋጋ አይቆጠርም። ሕንፃውን የሚያሰፋ አዲስ ቅጥያ፣ የመኪና ማቆሚያ፣ የእግረኛ መንገድ፣ አጥርና የአትክልት ሥራም አይቆጠሩም። የቤት ዕቃም እንዲሁ። ለምግብ ቤት ባለቤት ይህ ልዩነት ትልቅ ነው፤ ወደ ወጥ ቤቱ የሚገባው የጋዝና የውኃ መስመር ሲቆጠር ምድጃው፣ ማቀዝቀዣው፣ ጠረጴዛና ወንበሩ አይቆጠሩም። የሥራ ተቋራጩ ሁሉንም በአንድ ድምር የጻፈበት ደረሰኝ በኦዲት ጊዜ ባለንብረቱን ያስቸግረዋል። ውሉም ደረሰኙም ከመነሻው በየዘርፉ ተለይተው ቢጻፉ ይሻላል።

ክሬዲቱ በእርጅና ቅናሽ ላይም ውጤት አለው። በምሳሌው ላይ 400,000 ዶላር ያወጣው ባለቤት የ80,000 ክሬዲት ስለተሰጠው፣ ለእድሳቱ የእርጅና ቅናሽ የሚያሰላው በ320,000 ዶላር ላይ ነው። ጊዜው ለንግድ ሕንፃ 39 ዓመት፣ ለሚከራይ መኖሪያ 27 ዓመት ተኩል ሲሆን ቅናሹ በየዓመቱ እኩል ይሰላል።

የእድሳቱ ደረጃ

ገንዘብ ማውጣት ብቻውን አይበቃም፤ ሥራው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ያወጣቸውን አሥር የእድሳት መመዘኛዎች ማሟላት አለበት። የመመዘኛዎቹ ሐሳብ ሲጠቃለል ሕንፃው ለዘመኑ አገልግሎት ይለወጥ፣ መለያ ባሕርይው ግን አይጥፋ የሚል ነው። የተጎዳ አካል በተቻለ መጠን ይጠገናል፤ መተካት ግድ ከሆነ አዲሱ በመልክና በቅርጽ፣ በሚቻልበት ሁሉ በቁሳቁስም ነባሩን መምሰል አለበት። አዲስ የሚጨመረው ክፍል ከነባሩ ጋር የሚስማማ፣ ነገር ግን ተለይቶ የሚታወቅ ይሁን ይላሉ። ጡቡን የሚጎዳ የአሸዋ ርጭት የመሰለ ማጽዳት አይፈቀድም።

ማመልከቻ የሚያስጥሉ ስህተቶች አብዛኛውን ጊዜ በዘመናዊ እድሳት የተለመዱ ናቸው። የእንጨት መስኮቶችን በፕላስቲክ መተካት፣ ነባሩን የሱቅ ፊት አፍርሶ በመስታወት መሥራት፣ የውስጥ ግድግዳውን ልስን ልጦ ጡቡን ማሳየት፣ ከመስኮቱ ራስ በታች የሚወርድ ሰው ሠራሽ ኮርኒስ መስቀል ሁሉ ችግር ያመጣሉ። ልስን ልጦ ጡብ ማሳየት በምግብ ቤት ዘንድ እንደ ውበት ቢቆጠርም፣ ክፍሉ ቀድሞ ልስን የነበረው ከሆነ ገምጋሚዎቹ የሚያዩት እንደ ታሪካዊ አካል መጥፋት ነው።

የሚገመገመው ሥራው በሙሉ ነው። ባለንብረቱ ለመስኮቶቹ ክሬዲት ባይጠይቅም መስኮቶቹ ደረጃውን ካልጠበቁ ጠቅላላው ፕሮጀክት ሊወድቅ ይችላል። የከተማው የቅርስ ቦርድ ወይም የግንባታ ጽሕፈት ቤት የሰጠው ፈቃድም የፌዴራሉን ማረጋገጫ አይተካም። ከተማው በአብዛኛው የውጭውን ገጽታ ሲያይ ፓርክ ሰርቪስ ውስጡንም ይመረምራል።

ማመልከቻው በሦስት ክፍል

ማመልከቻው በመጀመሪያ የሚደርሰው ለክፍለ ግዛቱ የታሪካዊ ቅርስ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ነው። ጽሕፈት ቤቱ አስተያየቱን ጨምሮ ለፓርክ ሰርቪስ ያስተላልፋል፤ የሚወስነው ግን ፓርክ ሰርቪስ ነው።

ክፍል አንድ ሕንፃው ታሪካዊ መሆኑን ያስረዳል። በራሱ ስም የተመዘገበ ነጠላ ሕንፃ ይህን ክፍል ላያስፈልገው ይችላል። በክልል ውስጥ ላለ ሕንፃ ግን ክፍል አንድ ሕንፃው ከእድሳቱ በኋላ አገልግሎት ከመጀመሩ በፊት መግባት አለበት። ምግብ ቤቱ በሩን ከፍቶ ደንበኛ ማስተናገድ ከጀመረ በኋላ የሚገባ ማመልከቻ መብቱን አያድንም።

ክፍል ሁለት የሕንፃውን የአሁን ሁኔታና የታቀደውን ሥራ በዝርዝር ይገልጻል። ሥራ ከመጀመሩ በፊት የተነሡ ፎቶግራፎች ከውስጥም ከውጭም አብረው መያያዝ አለባቸው። የፓርክ ሰርቪስን ፈቃድ ሳያገኝ ሥራ መጀመር በሕግ የተከለከለ አይደለም፤ ኃላፊነቱ ግን የባለንብረቱ ነው። አንዴ የተነቀለ በርና መስኮት ሲጣል፣ የተለጠ ልስን ሲጫን፣ የሚገመገም ነገርም የሚስተካከል ስህተትም አይኖርም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እዚህ ላይ አይሠራም፤ የፈሰሰው አይለቀምምና። በሥራው መሐል ንድፍ የሚለወጥ ከሆነም ለውጡ አስቀድሞ በማሻሻያ ቅጽ መቅረብ አለበት።

ክፍል ሦስት ሥራው ካለቀ በኋላ በጸደቀው መሠረት መሠራቱ እንዲረጋገጥ የሚቀርብ ጥያቄ ነው። ክሬዲቱን ሙሉ የሚያደርገው ይህ የመጨረሻ ማረጋገጫ ነው። ወጪያቸው ከ80,000 ዶላር በታች የሆነ ፕሮጀክቶች የግምገማ ክፍያ አይጠየቁም፤ ከዚያ በላይ ያሉት በወጪያቸው ልክ ይከፍላሉ።

ማመልከቻው የተከለከለ ባለንብረት ውሳኔው በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ለፓርክ ሰርቪስ ዋና የይግባኝ ኃላፊ ይግባኝ ማለት ይችላል። ይግባኙ አስቀድሞ የተሠራውን መከላከል ብቻ ሳይሆን ለማስተካከል የታሰበውን ሥራ ማቅረብንም ይፈቅዳል። የይግባኝ ኃላፊው ውሳኔ በአስተዳደር በኩል የመጨረሻው ስለሆነ ከዚያ በኋላ የሚቀረው የፌዴራል ፍርድ ቤት ነው።

በታክስ ማስታወቂያ ላይ

ክሬዲቱ የሚጠየቀው ለታክስ መሥሪያ ቤቱ ለአይአርኤስ በሚቀርበው በቅጽ 3468 ሲሆን የመጀመሪያው ዓመት ሕንፃው አገልግሎት የጀመረበት ዓመት ነው። የመጨረሻው ማረጋገጫ እስከዚያ ባይደርስም ማመልከቻው መቅረቡን በማስረዳት መጠየቅ ይቻላል። ማረጋገጫው ማስታወቂያው ከገባ በኋላ በ30 ወር ውስጥ ካልተገኘ ግን ባለንብረቱ ይህን ለአይአርኤስ በጽሑፍ ማሳወቅና የመመርመሪያው ጊዜ እንዲራዘም መስማማት ይኖርበታል።

ክሬዲቱ ከታክሱ ቢበልጥ ትርፉ በጥሬ ገንዘብ አይከፈልም። አንድ ዓመት ወደኋላ፣ 20 ዓመት ወደፊት ግን ሊዛወር ይችላል።

ትናንሽ አከራዮችን ከሁሉ በላይ የሚገድበው የሥራ ተሳትፎ ደንብ ነው። ኪራይ በታክስ ሕግ በመደበኛው ባለቤቱ በንቃት የማይሠራበት ገቢ ተብሎ ስለሚመደብ፣ ከኪራይ ሕንፃ የመጣ ክሬዲት ከደመወዝ ታክስ ላይ እንደልብ አይነሳም። ለታሪካዊ እድሳት ግን የተለየ በር ተከፍቷል። የተስተካከለ ገቢው ከ200,000 ዶላር የማይበልጥ ግለሰብ 25,000 ዶላር ተቀናሽ የሚያድነውን ታክስ ያህል ክሬዲት በየዓመቱ ከሌላ ገቢው ታክስ ላይ መጠቀም ይችላል። በ24 በመቶ መደብ ላይ ላለ ሰው ይህ እስከ 6,000 ዶላር ነው። ገቢው ከ200,000 ሲያልፍ መጠኑ እየቀነሰ ሄዶ በ250,000 ያበቃል። ስለዚህ ቀደም ባለው ምሳሌ በየዓመቱ 16,000 የሚደርሰው ባለደመወዝ አከራይ ከኪራዩ ራሱ በቂ ታክስ ከሌለበት ሁሉንም በዓመቱ ላይጠቀምበት ይችላል፤ ቀሪው ለሚመጡት ዓመታት ይተላለፋል። በገዛ ሕንፃው ውስጥ ንግዱን በየቀኑ ራሱ የሚያካሂድ ባለቤት ይህ ገደብ ላይነካው ይችላል። ሕንፃው በአንድ ኃላፊነቱ የተወሰነ ኩባንያ (ኤልኤልሲ)፣ ምግብ ቤቱ በሌላ ከሆነ ግን ውጤቱ ሊለይ ስለሚችል የባለቤትነቱ አወቃቀር ከግዢው በፊት መታሰብ አለበት።

የፌዴራሉ ክሬዲት እንደ ዕቃ አይሸጥም። ራሳቸው የማይጠቀሙበት ባለንብረቶች ባለሀብት በሽርክና ያስገባሉ፤ ባለሀብቱ ገንዘብ ያመጣል፣ ክሬዲቱ ይደርሰዋል። ሽርክናው ግን እውነተኛ መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በ2012 የሦስተኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት በአትላንቲክ ሲቲ የሚገኘውን የቦርድዎክ አዳራሽ እድሳት በተመለከተ፣ ባለሀብቱ ትርፍም ኪሳራም የማይነካው በመሆኑ ሸሪክ አይደለም ብሎ ክሬዲቱን ከልክሎታል። አይአርኤስ በ2014 ያወጣው መመሪያ እንዲህ ያሉ ሽርክናዎች ያለ ስጋት የሚዋቀሩበትን መንገድ ዘርዝሯል።

የተሰጠው የሚመለስበት ጊዜ

ሕንፃው አገልግሎት ከጀመረ በኋላ ለአምስት ዓመት ክሬዲቱ ሙሉ በሙሉ የባለንብረቱ አይሆንም። በመጀመሪያው ዓመት ሕንፃው ቢሸጥ ክሬዲቱ መቶ በመቶ ይመለሳል፤ በሁለተኛው 80፣ በሦስተኛው 60፣ በአራተኛው 40፣ በአምስተኛው 20 በመቶ። ባንክ ዕዳው ስላልተከፈለ ሕንፃውን መውሰዱም እንደ ሽያጭ ይቆጠራል። ባለቤቱ ሕንፃውን ወደ ግል መኖሪያው ቢለውጠውም ውጤቱ ያው ነው። ሽርክና ውስጥ ያለ ሰው ድርሻው ከአንድ ሦስተኛ በላይ ከቀነሰ የድርሻውን ያህል ይመልሳል። ፓርክ ሰርቪስም በእነዚህ ዓመታት ሕንፃውን የመመርመርና ያልተፈቀደ ለውጥ ካገኘ ማረጋገጫውን የመሰረዝ ሥልጣን አለው።

ሕጉ ሁለት የቤተሰብ ሁኔታዎችን ነጻ አድርጓል። ባለቤቱ ሞቶ ሕንፃው ለወራሽ ቢተላለፍ ክሬዲቱ አይመለስም። ባልና ሚስት በፍቺ ምክንያት ሕንፃውን አንዱ ለሌላው ቢያስተላልፉም አይመለስም፤ ተቀባዩ ግን ቀሪውን ጊዜ የመጠበቅ ግዴታ ይወርሳል።

ተከራይ፣ የመኖሪያ ቤት ባለቤትና ቤተ ክርስቲያን

ብዙ ነጋዴዎች ሕንፃው የራሳቸው አይደለም፤ ተከራይተው ነው የሚያድሱት። ተከራይ ባወጣው ወጪ ክሬዲት የሚያገኘው፣ እድሳቱ ሲያልቅ ቀሪው የኪራይ ዘመን ቢያንስ ከእርጅና ቅናሹ ጊዜ ጋር እኩል ሲሆን ነው፤ ለንግድ ሕንፃ 39 ዓመት ማለት ነው። የአሥር ዓመት ውል ያለው ምግብ ቤት በራሱ ገንዘብ ሕንፃውን ቢያድስ የፌዴራል ክሬዲት አያገኝም። የሚሻለው ከውሉ በፊት መደራደር ነው። እድሳቱን አከራዩ በራሱ ስምና ወጪ ያካሂዳል፣ ክሬዲቱን ይወስዳል፣ የጥቅሙ ድርሻ በኪራይ ቅናሽ ለተከራዩ ይደርሰዋል። ሕጉ አከራዩ ክሬዲቱን ለተከራይ እንዲያስተላልፍ የሚፈቅድበት መንገድም አለ። የትኛውም ይሁን በውሉ ላይ መጻፍ አለበት።

በታሪካዊ ቤት ውስጥ ራሱ የሚኖር ሰው መብቱን መፈለግ ያለበት በክፍለ ግዛቱ ሕግ ነው። ከ35 በላይ ክፍለ ግዛቶች የራሳቸው ክሬዲት አላቸው፤ ዝርዝሩ ግን ይለያያል። ቨርጂኒያ ባለቤቱ ለሚኖርበት ቤት ጭምር 25 በመቶ ትሰጣለች፤ ለእንዲህ ያለው ቤት ወጪው ቀድሞ ለንብረት ታክስ ከተገመተው የሕንፃው ዋጋ ቢያንስ 25 በመቶ መሆን አለበት። ሜሪላንድ ቢያንስ 5,000 ዶላር ለሚያወጣ የቤት ባለቤት 20 በመቶ ስትሰጥ፣ ጣሪያው በ24 ወር 50,000 ዶላር ነው። ቴክሳስ ለንግድ ሕንፃ እድሳት ከንግድ ታክሷ ላይ የሚነሳ 25 በመቶ ክሬዲት አላት፤ ክሬዲቱንም መሸጥ ይቻላል። በካሊፎርኒያ በ1972 የወጣው ሚልስ አክት የሚነካው የንብረት ታክስን ነው። ባለንብረቱ ከከተማው ጋር ቢያንስ የአሥር ዓመት የጥበቃ ውል ሲገባ ዓመታዊው የንብረት ታክሱ ይቀንስለታል፤ መኖሪያ ቤትም ይካተታል። የፌዴራሉና የክፍለ ግዛቱ ክሬዲት በአንድ ሕንፃ ላይ ተደርበው ሊሠሩም ይችላሉ።

ቤተ ክርስቲያንና ሌሎች ከታክስ ነጻ የሆኑ ድርጅቶች የሚቀነስ የገቢ ታክስ ስለሌላቸው ለራሳቸው በሚጠቀሙበት ሕንፃ የፌዴራሉ ክሬዲት አይደርሳቸውም። አሮጌ የጸሎት ቤት ገዝቶ የሚያድስ ማኅበረ ምእመናን ተስፋ ማድረግ ያለበት በዕርዳታ ገንዘብ ላይ ነው። ድርጅቱ ተከራይ ከሆነ ደግሞ አከራዩ ክሬዲት የማግኘቱ ጉዳይ በኪራዩ ውል ይዘት ይወሰናል።

መንግሥት ለምን ይተወዋል?

ክሬዲቱ መንግሥት የሚተወው ገቢ ስለሆነ ሁልጊዜ ክርክር አለበት። ፓርክ ሰርቪስ ከ1976 ወዲህ ከ47,000 በላይ ሕንፃዎች በፕሮግራሙ እንደታደሱና ከ116 ቢሊዮን ዶላር በላይ የግል ገንዘብ እንደተንቀሳቀሰበት ዘግቧል። ራትገርስ ዩኒቨርሲቲ ከፓርክ ሰርቪስ ጋር በሚያወጣው ዓመታዊ ጥናትም፣ በእድሳቱ ከሚፈጠረው ሥራና ንግድ የሚገኘው የፌዴራል ታክስ መንግሥት ከሚተወው ክሬዲት ይበልጣል። ለዚህ ስሌት የሚቀርበው ጥያቄ ከታደሱት ሕንፃዎች ስንቶቹ ያለ ክሬዲቱም ይታደሱ ነበር የሚለው ነው።

ጥቅሙ የሚመነጭበት መንገድ ግልጽ ነው። አዲስ ግንባታ ከወጪው ብዙውን ለቁሳቁስ ሲያውል እድሳት የበለጠ የሰው ጉልበትና ሙያ ይፈልጋል። አናጺው፣ ግንበኛውና ለሳኙ ደመወዛቸውን የሚያጠፉት እዚያው አካባቢ ነው። መንገዱ፣ ውኃውና የፍሳሽ መስመሩ አስቀድሞ ስላለ ከተማው አዲስ መሠረተ ልማት አይዘረጋም። ባዶ የነበረው ሕንፃም የንብረትና የሽያጭ ታክስ ማስገባት ይጀምራል። በሜምፊስ ሲርስ በ1927 የሠራው ግዙፍ መጋዘን ከ1993 ጀምሮ ባዶ ቆሞ ነበር፤ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ በወጣበት እድሳት በ2017 ክሮስታውን ኮንኮርስ ሆኖ ተከፈተ። ዛሬ ክሊኒኮች፣ ትምህርት ቤት፣ ሱቆችና አፓርታማዎች ይዟል፤ ከገንዘብ ምንጮቹም አንዱ ይኸው ክሬዲት ነበር።

ለባለንብረቱም ጥቅሙ ከ20 በመቶው ያልፋል። የጸደቀ ክሬዲት ብድር ለመጠየቅና ባለሀብት ለማግባባት ያገለግላል፤ የታደሰ ሕንፃ የተሻለ ኪራይ ያስገኛል። በአንጻሩ የሕንፃው ግምት ሲጨምር የንብረት ታክሱም ይጨምራል፤ ለደረጃው ሲባል የሚመረጠው ቁሳቁስና ባለሙያም ከተራው ይወደዳል። ትርፉ መታወቅ ያለበት እነዚህ ሁሉ ተደምረው ከተቀነሱ በኋላ ነው።

ስለዚህ ግዢ ወይም የኪራይ ውል ከመፈረሙ በፊት የሕንፃው የመዝገብ ሁኔታና የተስተካከለ መነሻ ዋጋው ይጣራል። ቀጥሎ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሕንፃው በፎቶግራፍ ይመዘገባል፣ የማመልከቻው ክፍል አንድና ሁለት ገብተው መልስ ይጠበቃል። ሥራው ሲያልቅ ክፍል ሦስት ይቀርባል፤ ደረሰኞቹና ማረጋገጫዎቹም አምስቱ ዓመታትና ከዚያ በኋላ ያለው የታክስ ምርመራ ጊዜ እስኪያልፉ ይቀመጣሉ።